ዜሮ ላይ አትሳል

ሪጋ፥ በየካቲት፥ ወንዙ በበረዶ እንደ ረጋ፥
ትራሙ መስኮት ሲያንቀጠቅጥ፥ ሰማዩ ገና ሳይነጋ፥
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፥ ከጠረጴዛ መብራት ሥር፥
ዚግሪዳ በአንድ እጇ ሻይ፥ በአንድ እጇ መነጽር
ይዛ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያው ቀን ምክር
ሰላምታ አልነበረውም፥ «እንዴት አደርክ» አልነበር፤
«ዜሮ ላይ አትሳል» አለች። አለቀ ነገር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ፥ ጣቴ ከዓይኔ የፈጠነ፥
ለእኔ መስመር መስመር ነው፥ የትም ይዋል ቀጥ ካለ፥ ብቻ ከሆነ፤
ግድግዳው፥ በሩ፥ ደረጃው፥ የአልጋው ቁጥር፥
ሁሉም አንድ ሌየር ላይ፥ ተደበላልቆ የሚያድር።

እሷ መሳቢያ ሳበች። ቢጫ የሆነ ስስ ወረቀት
እያነባበረች፥ ሥሩ ያለው በላዩ እንዲታያት፥
«ይኸው ግድግዳው፤ ይኸው ቧንቧው፤ ይኸው መብራቱ፤
እያንዳንዱ በየቤቱ፥ እያንዳንዱ በየወረቀቱ።
ስንሳሳት በምላጭ ነበር የምንፍቀው፥
ሦስቴ ከተፋቀ፥ ራይቪስ፥ ወረቀቱ ነው የሚያልቀው።
ያኔ እጅ ያስብ ነበር። ዛሬ መመለሻ ቁልፍ አለህ፤
የት እንዳኖርከው ሳታውቅ፥ ሥራ ጨረስኩ ትላለህ።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባል፥ ለሰው ነው እንጂ ለሌየር አይሠራም፤
የእኔን ፋይል ለከፈተ፥ መልአክ በዚያ አላለፈም፤
«አዲስ»፥ «አዲስ ሁለት»፥ «የመጨረሻ»፥ «የመጨረሻው መጨረሻ»፥
አንዱ ደግሞ «በኋላ የሚታይ»፥ አንዱ ደግሞ «ቆሻሻ»።

ሳቀች። ከዚያ መሳቋ ቀረ።
አንድ ገጽ ሰጠችኝ፥ ጠርዙ በሻይ የጠቆረ፤
መጀመሪያ ሙያው ይጻፍ፥ ቀጥሎ ዕቃው፥ ቀጥሎ አዲስ ይሁን ነባር፤
ወፍራሙ ለተቆረጠው ግንብ፥ ቀጭኑ ለሩቁ ዳር፤
«ቀለምን ለሌየሩ ስጥ፤ መስመሩ ከእሱ ይውረስ፥
ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ሌሊት አድረህ እንዳታለቅስ።»

እሺ አልኩ።
እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

የአሮጌ ሆስፒታል ዕድሳት ነበር፤ ምድር ቤቱ፥ የልብስ ማጠቢያው፤
ዓርብ፥ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፥ ካፖርቴን ለብሼ ነው
ከወለሉ ሥር የሚያልፍ አንድ የቆየ የውሃ መስመር
የሳልኩት፤ የት ሌየር ላይ እንዳለሁ ሳላጣራ፥ ቆሜ፥ ስቸኩል ለበር።
ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ሰማያዊ፥ ቀጥ ያለ፥ ያማረ።
ለካ ያ ሌየር ማተሚያው የማያውቀው ነበረ፤
ለልኬት ነጥቦች የተተወ፥ ዓይን እንጂ ወረቀት የማያየው።
ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ታተመ። ዚግሪዳም አምናኝ ፈረመችው።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ወለል ሰባሪው፥ ኢማንትስ፥
«ውሃ!» ብሎ ዘጋ። በሩጫ ስንደርስ
ምድር ቤቱ ሐይቅ ሆኗል፥ አንሶላው እንደ ዳክዬ ይዋኛል፤
ኢማንትስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፥ ወረቀቴን ዘርግቶ፥ «የት አለ?» ይለኛል።
«የት አለ?»
ላፕቶፔን ከፍቼ «ይኸው፥ ይኸው አለ!» አልኩ፥
ሰማያዊውን በጣቴ እየነካሁ፥ እንደ ሕፃን ማልኩ።
«ለአንተ አለ» አለኝ፤ «እኔ የምሰብረው በወረቀት ነው።»
ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ፍርድ ሁሉ ለእኔ ቀላል ነው።

ዚግሪዳ በቦት ጫማ ገባች፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፤
ለሆስፒታሉ ሹም «ፊርማው የእኔ ነው» አለች፥ ወደ እኔ ሳታይ።
አልተቆጣችም። ቢሮ ስንመለስ ስስ ወረቀት ዘረጋች፥
ያን አንድ መስመር በእርሳስ ስባ መስኮቱ ላይ ለጠፈች።

አሁን ጡረታ ወጥታ፥ ባሕር ዳርቻ ቲማቲም ትተክላለች፤
የየችግኙን ስም በስንጥር ጽፋ፥ ቀዩን ከቢጫው ትለያለች አሉ።
ወረቀቱ ግን መስኮቱ ላይ አለ። እርሳሱን ፀሐይ በልታዋለች፤
የት እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ትናንት አዲስ ልጅ መጣች፥ ሳርሚቴ፥ ጣቷ ከዓይኗ የፈጠነ፤
እንኳን ደህና መጣሽ ልላት ነበር፥ አፌ ላይ ሌላ ሆነ።