ሃያ ሦስት ኪሎ

ኤቴልቪና መጣች ሚዛን አንጠልጥላ፣
ሰርዲን የምትሸጥበት፣ ከወደቡ ኋላ፤
ሻንጣዬን ሰቀለች፤ መርፌው ተወዛወዘ፣
ሠላሳ አንድ ላይ ደርሶ እዚያው ደነዘዘ።
«ሃያ ሦስት ነው ያሉሽ፤ ስምንቱን ቀንሺ፤
ዓሣ አይደል ራሱን የምቆርጥልሽ፤ አንቺው ጨርሺ።»

አርባ ዓመት በጠመኔ አቧራ ስስል ኖሬያለሁ፣
የሴቱባልን ግማሽ ሰው መቀነስ አስተምሬያለሁ፤
ግን ሠላሳ አንድ ሲቀነስ ስምንት፣
ያን ለት፣
ከበደኝ።

ምንጣፉ ላይ ዘረገፍሁት፦
መቶ ሃያ እርሳስ፣ ከነመቅረጫው፣
የሚነፋ የዓለም ሉል፣ ፓሲፊክ ላይ ነው ቀዳዳው፣
ልጄ ቬንሴስላው የገዛው የግንባር መብራት፣
«እማዬ፣ ጉልበትሽስ?» እያለ በስጋት፤
ግራ ክንዴም አለ፣ በክትባት ያበጠ፣
ሻንጣ ባይገባም ከዕቃው የበለጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰ፣
ዳር ዳሩ በመንገድ፣ በዝናብ የራሰ።
ጽፌ ነበር እኔ፦ «ምን ይዤ ልምጣላችሁ?
ምን ይጎድላችኋል? ምንስ ይበጃችሁ?»
ዜፌሪኖ የሚባል፣ የፋቱሌው ርዕሰ መምህር፣
በቀይ እስክሪብቶ መለሰልኝ፣ አጭር፦

«ክብርት ሆይ፤
እርሳስ ዲሊ ገበያ፣ በደርዘን ይገዛል፤
ጠመኔም አለን፤ ዝናብ ሲሆን ይረጥባል እንጂ ይጽፋል።
ከእርስዎ በፊት አንድ ልጅ መጥቶልን ነበር፤ ደግ ነው፣ ይስቃል፤
ግድግዳችንን ሰማያዊ ቀባ፣ ከግርጌው ስሙን ጻፈ፤
ሦስት ወር ብሎን፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከነፈ።
ዶሚንጋስ የምትባል አለች፣ ሁለተኛ ክፍል፣
ጠዋት ጠዋት ያን ስም በጣቷ ስትከተል፣
‹ስንት ቀን ቀረው?› ትለኛለች። መቁጠር ያስለመዳት እሱ ነው።
እና ዘጠና አንዱ ልጆች፣ እኔም፣ የምንለምንዎ ይህን ነው፦
የሚሄዱበትን ቀን፣ ገና ሳይመጡ፣ ጽፈው ይላኩልን፤
ሰሌዳው ጥግ እናሰፍረዋለን፤ እየቀነሱ ይቆዩልን።
መቀነስ፣ ይቅርታ፣ ገና አልገባቸውም።
የዝናብ ጫማ ይያዙ፤ ወንዙ ድልድይ የለውም።»

አጠፍሁት። ዘረጋሁት። መልሼ አጠፍሁት።
የመመለሻ ትኬቴን፣ ቀኑን ክፍት አድርጌ ነበር የቆረጥሁት፤
ለልጄም፣ ለኤቴልቪናም፣
ለራሴም በደንብ ሳልነግር፣ ሳልናገረው በቃል፦
ከከበደኝ፣ መመለስ ይቻላል።
ያ ልጅ ከእኔ በምን ይከፋል? እሱ እንኳ ቀለም ገዝቷል።

የፋርማሲው ካላንደር ምድጃው አጠገብ ነው፤
መነጽሬን አደረግሁ፤ በጣቴ ቁልቁል ሄድሁ፤
ጁላይን አለፍሁ፤ የልደቴን ቀን አለፍሁ፤
ዲሴምበር አራት ላይ ደርሼ ቆምሁ፤
ከበብሁት። በእስክሪብቶ።
እርሳስማ ይጠፋል።
ፖስታ ቤት ያለው ልጅ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ፖስታውን መዘነና
«ምንም አይመዝን» አለ፤ ሳቀና፣ ቴምብሩን ላሰና።

ማታ ኢዛውራ ደወለች፣ ቋንቋ የምታስተምረኝ፣
ቲሞር ተወልዳ ሊዝበን ነርስነት የምትማር፣ ስሳሳት ሳቋ የሚቀድመኝ።
«ከቃል ሁሉ የቱን ልያዝ? አንዱን ብቻ ብትመርጪልኝ?»
«ላ ሃተኔ» አለችኝ።
አላውቅም፣ ማለት ነው።
አርባ ዓመት ከሰሌዳ ፊት ቆሜ ይህን ቃል አላወጣሁም፤
በገዛ ቋንቋዬ እንኳ አፌን አላስለመድሁም።
ሳህን እያጠብሁ ደጋገምሁት፦ ላ ሃተኔ፣ ላ ሃተኔ፣
የቧንቧው ውሃ ሲንኮለኮል ከጎኔ።

ሐሙስ ሚዛኑ ተመለሰ፤ ሰቀልነው፤ ሃያ ሁለት ተኩል።
እርሳሱ የለም፤ ሉሉ ለኤቴልቪና የልጅ ልጅ ሆኗል፤
የዝናብ ጫማዬ አለ፣ ካልሲ ጎርሶ፣ ጎን ለጎን ተኝቷል።
«ግማሽ ኪሎ ተረፈሽ፤ ምን እንጨምር?»
«ላ ሃተኔ።»
«ምን?»
«አላውቅም።»
መንጠቆውን ስትፈታ የሻንጣዬን እጀታ አሸተትሁ፤ የሰርዲን ሽታ አይለቅም።
«ፋቱሌው ድመት ካለ» አለች፣ «ብቻሽን አትሆኚም።»