እግሬ ሐረጎን ወጣ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከሽመናው መኪና ፊት፣
ጆሮዬን ለጩኸቱ፣ እግሬን ለሲሚንቱ ሰጠሁት።
ጡረታ ወጣሁ ስል ደግሞ ስኳር መጣ፣
እንደ ዘገየ እንግዳ፣ ተቀምጦ የማይወጣ።

በየወሩ ማክሰኞ፣ ካርዴን በኪሴ ይዤ፣
በሚኒባስ ሐረጎን ከነአቧራው ተጉዤ፣
ደሴ ሆስፒታል ደጃፍ ወረፋ እጠብቅ ነበር፣
ከሐይቁ ሙሄ ጎን፣ ከቦሩ ሜዳ ሰው ጋር፣
ስለ ዝናብ እያወራን፣ ስለ እህል ዋጋ መናር።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ።
ሚኒባሱ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሆነና፣
«ሽማግሌ ቤቱ ይዋል» ተባለ፤
የቅርቡ ሐረጎ ሆነብኝ የሩቅ አገር ጎዳና።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፦
«ሲስተር ጦይባ ነኝ፣ ከደሴ።
ከእንግዲህ በስልክ ነው፤ መምጣቱን ይተዉት ጋሼ።»
ሐኪም ሳይነካኝ እንዴት? ብዬ ነበር በሆዴ፣
ደሜን በሽቦ ሊሰፍሩት? ይሄ ደግሞ ምን ዘዴ?

ረቡዕ ረቡዕ እደውላለሁ።
ከእሷ በፊት ግን ያ የተቀዳው ድምፅ ይቀድማል፣
«እጅዎን ይታጠቡ» ይላል።
«ታጥቤያለሁ» እለዋለሁ፤ መች ያምነኛል? ይደግመዋል።

ጆሮዬ ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስለኛል።
«ሁለት መቶ አርባ!» ብዬ ስጮህ ግቢው በሙሉ ሰማኝ፤
እትየ ሙሉወርቅ በአጥሩ ላይ «ምን በላህ?» ስትል ጠየቀችኝ፤
ባለሱቁ አረጋ ለስላሳ በገንዘቤ ከለከለኝ።
ስኳሬ የሰፈር ሆነ።
መቶ ሠላሳ ያልኩ ቀን እልል ሊባልልኝ ምንም አልቀረ።

ፍሪጅ የለኝም። «እንስራ ውስጥ አሸዋ ያድርጉ፣
ውሃ ያርከፍክፉበት» አለች።
ከቦርከና ዳር በቆርቆሮ አሸዋ አመጣሁ፤
ኢንሱሊኔን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንደ ወርቅ ቀበርኩ።

«ውስጥ እግርዎንስ አይተውታል?» አለች አንድ ረቡዕ።
«እግሬማ ደህና ነው፣ ምንም አያመኝም» አልኳት።
ዝም አለች። ከዚያ በዝግታ፦
«አለማመሙን ነው እኔ የፈራሁት።»

ሀያት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባት
የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች።
«አባባ ይመር፣ ያንሱት፤ አይነቃነቁ» አለች፣
እንደ ሠርግ ፎቶ አንሺ።
ለጡረታ ደብተር ፊቴን ተነስቻለሁ፤
ውስጥ እግሬ ፎቶ ይነሳል ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ።

ላከችው።
ያለ ትኬት፣ ያለ ጭምብል፣ ጠመዝማዛውን ሳይፈራ፣
እግሬ ብቻውን ሐረጎን ወጣ፣ ደረሰ ከጦሳ ተራራ፤
እኔ ከአልጋዬ ጫፍ ነኝ።

«ከአውራ ጣትዎ ሥር ቁስል አለ» አለች፣ ድምጿ ሳስቶ፣
«ሚስማር ይሁን እሾህ እንጃ፤ ሳምንት ሳያልፈው አይቀርም ገብቶ።»
ሳምንት! ስሄድበት፣ ስሰግድበት፣ ስቆምበት!
ለእኔ የደበቀኝን እግሬ፣ ለእሷ ባንዴ ነገራት።

ጤና ጣቢያ ወርጄ አስነቀልኩት፤ ፋሻ ሰጡኝ።
በየማታው ሀያት ታነሳለች፤ ቁስሉም ጠበበ፣
ከብር ወደ ስሙኒ፣ ከስሙኒ ወደ ምስር ፍሬ።
መብራት ሲጠፋ መስመሩም አብሮ ይጠፋል፤
ያኔ ቁጥሬን ለግድግዳው ጮኬ በደብተር እጽፋለሁ።

የሐይቁ ሙሄ ስልክ አልነበረውም።
ወሬውን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ።
ሲስተር በጭምብል ተሸፍና ካርድ ትመረምራለች፤
በድምጿ አወቅኳት፣ በዚህ በደነቆረ ጆሮዬ።
«ይመር ነኝ» አልኳት።
«የቱ ይመር? ወሎ ሞልቶ የለ እንዴ ይመር?»
ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።
«አንተ ነህ እንዴ!» አለችው፤
እግሬን ነው። እኔንማ አንቱ ነው የምትለኝ።