የስሙኒ ፀሐይ

ጥፋቱ የኔ ነው። በታኅሣሥ ወር፣
ኤድመንተን ላይ ቀኑ እንደ ክብሪት በርቶ ሲሰወር፣
ካርድ ሣልኩለት፤ ፀሐይ ዓይኗን ጨፍና፣
ብርድ ልብሷን ስባ፣ ተኝታ በደኅና።
ከሥሯም ጻፍኩበት በትልልቅ ፊደል፦
«ፀሐይ ስትተኛ ኢዮስያስ ይተኛል።»

ሠራ። በረዶው እስኪያልቅ ሠራ።
ራቱን ይበላል፣ መስኮቱን ያያል፣
ጥቁር ነው፤ ካርዱን በጣቱ ይነካል፣
መብራቱን ራሱ ሄዶ ያጠፋል።
እኔም ለትርሲት በኩራት «አየሽው?» አልኳት፣
«ሐኪም ያልፈታውን ካርድ ፈታው» ብዬ ጎረርኩባት።

ሰኔ ገባ።
በኛ አቆጣጠር ቀን በአሥራ ሁለት ያልቃል፤
አንድ ሲል መሽቷል፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል።
ይህን የቆጠረ ሰው ግን ኤድመንተን አልኖረም፤
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ስትዘባነን በዓይኑ አላየም።
ጎረቤቴ ሣሩን ያጭዳል በማሽን፣
ልጆቹ በብስክሌት ይዞሩታል መንገዱን፤
ትርሲት ለሌሊት ሥራዋ ቦርሳዋን አንግታ፣
የፀሐይ መነጽር አድርጋ «ደኅና እደሩ» ትላለች፣ በሩን ዘግታ።

እኔ እስቃለሁ። ልጄ ግን ካርዱን ያመጣና
መስኮቱን ያሳየኛል፤ አልጨፈነችም ገና።
መጀመሪያ አይጮኽም። እጁን ያርገበግባል፣
ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ በር ይመላለሳል፣
«አልተኛችም» ይላል። «አልተኛችም» ይላል።
እኩለ ሌሊት ሲሆን ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል፤
መዳፌን ከመሃል አስገብቼ
ለስላሳ ግድግዳ እሆንለታለሁ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ቃል
አፋፍ አልደረሰም፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ዳርሊን፣ የትምህርት ቤቱ ባለሙያ፣ ምክር አላት፦
«ጨለማ ካልመጣ ሥሩት እንጂ አትጠብቁት።»
ከራት በፊት መጋረጃ። ስልክ መሳቢያ ውስጥ። ለብ ያለ ውሃ።
ሦስት ኪሎ የሚመዝን ብርድ ልብስ፤
«ከአራት ኪሎ አንድ ፌርማታ መለስ»
ትላለች ትርሲት፣ የሥራ ጫማዋን ስታጠልቅ።
እኔ ደግሞ ፎይል፣ ያንን ዓሣ የምንጠቀልልበትን የሚያንጸባርቅ፤
መስኮቱን ለበጥኩት ከዳር እስከ ዳር፤
ክፍሉ እንደ ተከደነ ድስት ጨለመ፣ ከአንዲት ቀዳዳ በቀር።

ጥፍሬ በስቷት ይሆናል። በዚያች የሾለከች ጮራ
ማዶ ግድግዳው ላይ ስሙኒ አክላ አረፈች።
ቴፕ ላመጣ ተነሣሁ።
ልጄ ክንዴን ያዘ።
«ፀሐይ» አለ፣
ካርዱን ከስሙኒዋ ሥር አስደግፎ ጋደም አለ።

ስሙኒዋ ግድግዳውን ትወጣው ጀመር፣ ቀስ እያለች፣
ብርቱካን መሰለች፣ ቀጥላም ቀላች፣
ጣሪያው ሥር ደረሰች፣ ቀጠነች፣
የለችም።
አራት ሰዓት ከዐሥር። ትንፋሼን ዋጥኩ።
«ተኛች» አለ።
ውጭ ሰማዩ ገና ወተት ነው፤ የጎረቤቴ ማሽን ይጮኻል፤
እዚህ ግን በቃሌ መሠረት ፀሐይ ተኝታለች፣ እሱም ይተኛል።

ተአምር ነው አልልም። በማግሥቱ ደመና ዋለ።
መሰላል ላይ ወጥቼ ከውጭ በኩል
ቀዳዳዋን በባትሪ አበራሁ፣ እንደ ሌባ፤
ጎረቤቴ ማሽኑን አጥፍቶ አየኝ።
ከፎይሉ ጀርባ «አባባ ነው» የሚል ድምፅ፣
ከዚያ ሳቅ።
በስምንት ሰዓት ተኛን።

አሁን ቀን መቁጠሪያው ላይ እጽፋለሁ፦
አራት ከዘጠኝ። አራት ከስምንት። ዝናብ። አራት ከአምስት።
ቀኑ ከቃሌ የወሰደውን
በደቂቃ በደቂቃ እየመለሰልኝ ነው፤ ይሁን።
ያ ቴፕ እስካሁን ኪሴ ውስጥ አለ።
ሱሪ ስቀይር አብሬ አዛውረዋለሁ።