ቀላሉ መዳብ

አሞራ ገደል ጀልባ ሲመለስ፣ ሊነጋጋ ሲል ሌሊት፣
ሰው የሚመጣው ለዓሣ ነው፤ የኔ መምጣት ለጉበት።
ሥጋው ለሆቴሎች፣ አንጀቱ ለአባ ኮዳ፣
ጉበቱ ለእኔ፣ ለባለ ጓንቷ እንግዳ።
በፕላስቲክ ቢላ እቆርጣለሁ፣ ብረት አይነካውም፤
ቀንና ቁጥር እጽፋለሁ፤ ስም ግን አልጽፍም።

ላሚሶ ይስቅብኛል፣ መረቡን እያራገፈ፦
«ለድመት የማይበቃ ጉበት ሸጦ፣ ማን አተረፈ?»
«መዳብ ፍለጋ ነው» አልኩት።
«መዳብማ የሌባ ነው» አለ፤ «የመብራት ሽቦ በጥሶ፣
ከነጎማው አቃጥሎ፣ ለቆራሌው አራግፎ፣ ሲነጋ ሱፍ ለብሶ።»

በጀልባው ጠርዝ ተቀምጬ እንደማውቀው ነገርኩት።
መዳብ ሁለት ነው አልኩት።
አንዱ ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ አምስት ወንድሙ፤
ሁለት ኒውትሮን ናቸው በመሃል የቆሙ።
ሲያነጥሩት ያው ቀይ፣ ሲዝግ ያው አረንጓዴ፤
የዓሣ ገበያው ሚዛን አይለያቸውም፣ ሺህ ጊዜም ሆነ አንዴ።
ሕያው ነገር ግን ያውቃል። ዝም ብሎ ይመርጣል።
ደንገሉ በሥሩ ቀላሉን ከደለሉ ይመጥጣል፤
ከባዱ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተቃቅፎ ጭቃው ውስጥ ያድራል።
ድንጋዩ ሥር ያለችው ቀንድ አውጣ፣ ደሟ ሰማያዊ የሆነች፣
እኛ ትንፋሻችንን በብረት ስንጭን፣ እሷ በመዳብ የጫነች፤

«እሷንም ትመዝኛለሽ?»
አዎ።
«ጥቁር ውሃንም?»
አዎ፤ ከኮረብታው ድንጋይ የወረደው የቱ፣
ከሰው እጅ የፈሰሰው የቱ፤ ትውልዱ በክብደቱ።

ዝም አለ። አንድ አባ ኮዳ ራሰ በራውን አዘንብሎ፣ እንደ ዕቁብ ዳኛ ያደምጠን ነበር።
ከዚያ ላሚሶ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋልኝ፦ «እስቲ የኔስ ነገር?»

የመዳብ አምባሩ እስከ ክርኑ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ፤
ያ ወፍራም ክንድ መቼ ነው እንዲህ የሄደ?
ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት።
ቢጫ።
የንጋት ፀሐይ መስሎኝ ነበር፣ ስንት ወር በመጣሁ ቁጥር።

አንብቤያለሁ፤ ጉበት ሲዝል ደም ውስጥ ቀላሉ ይበዛል፣
ከባዱ ይሳሳል።
ይህን ግን አልነገርኩትም። «አዳሬ ሆስፒታል ሂድ፣ ዛሬውኑ» አልኩት፤
«እሺ» አለ፤ በማግስቱ መረብ ሲጠግን አገኘሁት።

ሚስቱ ሻሎ ናት በመጨረሻ በባጃጅ ጭና ያደረሰችው።
ከተቀዳው ደም ጥቂት ጠብታ፣ በፈቃዱ፣ እጄ ገባች፤
ቁጥር አርባ አንድ ሆና ከዓሦቹ ጋር ባሕር ተሻገረች፣
ያን የሚመዝን መሣሪያ ሐዋሳ የለምና።
መስከረም። ጥቅምት። ወረፋ ነው አሉን።
ኅዳርም አለፈና

መልሱ ስልኬ ላይ ሲገባ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤
የላሚሶ ድንኳን።
ሠንጠረዥ ነው። ከአምባዛና ከደንገል መሃል፣ በአርባ አንደኛው መስመር፣
ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት፣ እንደ ወደቀ ክብሪት ተጋድሞ ነበር።
ቀሏል ይላል። ደሙ ቀሏል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣
«ላሚሶ ከባድ ሰው ነበር» አሉ፤
ሌሎቹም «ከባድ፣ ከባድ» እያሉ አጀቡ።
ስልኬን አጠፋሁት።

አሁንም ሊነጋጋ ሲል እሄዳለሁ። ጀልባው ላይ ልጁ ዳንጊሶ ነው።
ጉበቱን ሳልጠይቀው ለይቶ ያስቀምጥልኛል፤
አምባሩ ለእጁ ሰፍቶ፣ መረብ ሲስብ ይንሸራተታል፤
ገፋ ያደርገዋል ወደ ክንዱ፣ ደግሞ ይስባል።
አንጓው ላይ አረንጓዴ ክብ ትቶበታል፤ በሳሙና አይለቅም።
የየትኛው መዳብ እንደሆነ
እስካሁን አልጠየቀኝም።