የማን ክፍል?

ከፊራ በር ላይ ገዛሁት፣ ከለውዝ ጆንያ አጠገብ፣
ለመጠቅለያ ተከምሮ፣ ሲጠብቅ የገበያ ረሀብ።
ፈርሂያ መዘነችው፣ ኪሎ ተኩል ወጣ፤
«ኤሌክትሮኒክስ ነው» ብላት፣ «ታዲያ ለእኔ ምን አመጣ?
እንግሊዝኛ ይሁን ፈረንሳይ፣ ለእኔ ያው ወረቀት፤
ሣሣ ያለውን ቅባት ያልፈዋል፣ ይኼኛው ግን አለው ጽናት።»

በሽፋኑ ጀርባ በቀይ «ዘርጋው ወልደሰንበት» ይላል፣
የምድር ባቡር መብራት ሠራተኛ፤ ቀኑ በላብ ደብዝዟል።
ሲሞት ልጆቹ ሸጡት ይሆናል፣ ወይም እሱ በቁሙ፤
አላውቅም፤ እኔ ያወቅሁት በጠርዙ ከቀረው ቀለሙ፤
ከአንዱ ቀስት እስከ ሌላው፣ ከአንዱ «ውሸት» እስከ «ልክ»፣
ሰውዬው ከመጽሐፉ ጋር ዕድሜ ልኩን ሲነታረክ።
የልብ ኤሌክትሪክ አንድ ሚሊቮልት ነው ሲል ምዕራፍ አራት፣
«ለዚህች ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ?» ብሎ ጽፎበት።

ምዕራፍ አሥራ አንድ።
«ሙቀት ሲጨምር ተቃውሞው የሚቀንስ»፤ ስሙ ቴርሚስተር።
(ሳነበው ሳቅሁ፤ ይኼማ ድሬ ናት በቀትር፣
ሱቁ ሁሉ እጅ ይሰጣል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይተኛል፣
ጠቡም ዕዳውም ለዘጠኝ ሰዓት ይቀጠራል።)
ከሥሩ፦ «በክፍል ሙቀት፣ ማለትም በሃያ አምስት ዲግሪ፣
አሥር ሺህ ኦም ያነባል፤» እዚህ ቁሚ፣ ከዚህ ጀምሪ።
እዚያ ላይ ቀዩ እስክርቢቶ ወረቀቱን ወግቶ አልፏል፤
ሁለት ቃል ብቻ፦
«የማን ክፍል?»

ቀጣዩ ቅጠል የለም፤ ሰንጠረዡ የነበረበት፣
የእያንዳንዱ ዲግሪ ጠባይ በቁጥር የሰፈረበት።
«ሄዷል» አለች ፈርሂያ፣ «ባለፈው ሳምንት፣ ከአምስት ብር ለውዝ ጋራ፤
ወይ ሳቢያን ወይ ገንደ ቆሬ፤ የለውዝ መንገድ በየኪሱ ነው የሚዘራ።»

የሂቦ ልጅ፣ ከሽንሌ፣ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣
ከመጽሐፉ ያንሳል፤ ስም ገና አልወጣለትም።
«በዚህ ከተማ ደግሞ ማሞቂያ?» ይላል ጥበቃው ሲቀልድ፤
አያውቅም፣ ድሬም የማታሞቀው አለ፣ ሳይደርስ የሚወለድ።
ሳጥኑ ግን ይዋሻል፤ ልጁ ሲግል «በረደው» ይላል፣
ከገመዱ ጫፍ ያለችው ፍሬ፣ ምስር የምታህል፣ ነፍሷ ወጥቷል።
ምትኳን ከተጣለ ማቀዝቀዣ ሆድ ነቅዬ አገኘኋት፤
ጠባይዋን ግን ማን ይንገረኝ፣ ገጿ ለውዝ ተቋጥሮባት?

ከጭማቂ ቤት በረዶ ገዛሁ፤ የክፍል ሙቀት በድሬ
በኪሎ ነው፣ እንደ መጽሐፉ፤ ከፍዬ አመጣሁት ዛሬ።
ብርጭቆ ውኃ፣ ቴርሞሜትር፣ መለኪያ፣ የደነዘ እርሳስ፤
ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ውኃው በራሱ ጊዜ ወደ ድሬ ሲመለስ፣
በየዲግሪው ቆሜ ጻፍኩ፣ እንደ ባቡር በየጣቢያው፤
ሠላሳ ሦስት ላይ ቀጥ አለ፤ አልንቀሳቀስም አለ ውኃው።
ጠበቅሁ።
ለካ ደርሷል። የእኛ ክፍል ይኼ ነው፣ ሠላሳ ሦስት፣
ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የደቻቱ አሸዋ ሲተነፍስ በመስኮት።

ከዚያ ወዲያ ሙቅ ውኃ ነው፣ ጠብታ በጠብታ።
ሂቦ ታየኛለች፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በሻሽ ጠፍራ፤
ሠላሳ ስድስት ተኩል ናት፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ቆጠራ።
እኔ የእሷን ቁጥር ነበር በብርጭቆ ስፈልግ ያደርኩት።

ሲነጋ ሳጥኑ ልክ ተናገረ፤ ልጁ ገባ፤ እሷ ግን
እጇን በክቡ ቀዳዳ አስገብታ ቀረች፤ አላመነችንም፣ እኔንና ዕቃዬን።

ሰንጠረዡን በሐኪም ማዘዣ ጀርባ ገልብጬ ለጠፍኩት፤
ከቀዩ ጥያቄ ሥር «የእኛ፤ ሠላሳ ሦስት» ብዬ በእርሳስ መለስኩት።
ዛሬም ለውዝ ስገዛ፣ ፍሬውን ኪሴ ገልብጬ፣
መጠቅለያውን አነባለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ።
ትናንት፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ የሒሳብ ፈተና ደረሰኝ፤
ሦስተኛው ላይ መምህሩ ተሳስቷል፣ ልጁ ልክ ነው።
ቀይ እስክርቢቶ አማረኝ።