ካለች

ታሊን ላይ ጥር ገብቶ፣ ባሕሩ ረግቶ፣
ከሌሊቱ ስድስት፣ ቢሮው ሰው አጥቶ፣
ሌሎና እኔ ብቻ ከስክሪን ፊት ቀርተን
የአንድ አፕ ሬሳ እናያለን፣ ግንዙን ፈትተን።

የጀልባ ሰዓት መንገር ነው፣ ሌላ ሥራ የለው፤
ወደ ሂዩማ ደሴት የሚሻገር ሰው
«መቼ ነው?» ይለዋል፤ እሱም ይመልሳል።
አርባ ሺህ ጊዜ ደህና ነው፣
በአርባ ሺህ አንደኛው ድንገት ይከስማል።

«እኔ ስነካው ይሠራል» አልኩ።
ሁሌም የምለው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
አንዲት ገጽ ተከፍታ ጥያቄ ትልካለች፣
ለመልእክተኛው ለቋጠሮ አደራ ትላለች፤
እሱም በጨርቁ ጫፍ አድራሻዋን ቋጥሮ
ይወጣል ወደ ሰርቨር፣ እንደ ወፍ በርሮ።
መልሱ ዘገየ እንበል፤ መስመሩ ደካማ፣ ውጪው በረዶ፤
ተሳፋሪው ጓንቱን ሊያጠልቅ ገጹን ዘጋው፣ ተናዶ።
ያዥ ያጣ ይፈርሳል፤ የሜሞሪ ሕግ አማላጅ አይሰማም።
ቤቷ ፈረሰ፣ ቦታው ለሌላ ተመራ፤
ቋጠሮው ግን ይህን አያውቅም።

ይመለሳል መልሱን ይዞ፣ በሙሉ ደስታ፣
ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣
በር በነበረበት ቦታ።

ያኔ ሁሉም ይወድቃል።

«አጥብቆ ይያዛታ!» አልኩ። ሳቀች ሌሎ።
ሞክረነዋል፣ ባለፈው ነሐሴ፦
እሷ ቋጠሮውን ያዘች፣ ቋጠሮው እሷን ያዘ፣
ማንም ማንን ሳይለቅ፣ ስልኩ አበጠ፣ ጋለ፣ ፈዘዘ።
ተቃቅፎ መስጠምም መስጠም ነው፤
የሚለየው መዘግየቱ ነው።

ታዲያ ይህን መስመር ማን ጻፈው? መዝገቡን ገለጠች።
ታምበት። ስሙን አይታ ለጥቂት ዝም አለች።
የጻፈው ኮድ ሳይሆን መሐላ ነበር፦
«እስክመለስ ትኖራለች፤ አልጠራጠርም።»
አንድ መጋቢት እሱም ወደ ደሴቱ ተሻገረ፣ ለሳምንት ብሎ፤
ሳምንቱ ግን ወር ሆነ።
ቤት መልቀቋን የነገረችው ለእኔ ነው፤
ለሱ አልነገረችም።
ዛሬ እዚያ ቤት የጥርስ ሐኪም ይኖራል፤
ታምበት ደወሉን ሲጫን የከፈተለትም እሱ ነው ይባላል።

ሌሎ ጣቷን አሳርፋ አንዲት ቃል አጠፋች፤
«ትኖራለች» የሚለውን ሰርዛ
«ካለች» ብላ ተካች።

ካለች ይንገራት፤
ከሌለች መልሱን ያራግፍና
ቋጠሮው ይፈታ፣ በሰላም ይረፍ።
በቃ ይኼው ነው።

ፈተንኩት፤ ከፈትኩ፣ ጠየቅኩ፣ መልስ ሳይመጣ ዘጋሁ፤
ሃምሳ ጊዜ ከፈትኩ፣ ሃምሳ ጊዜ ዘጋሁ።
አልወደቀም።
በመስኮቱ ማዶ በረዶ ሰባሪዋ መርከብ መብራቷን አብርታ ስትወጣ፣
የለውጡን ምክንያት የሚጠይቀው ባዶ ሳጥን መጣ።
«ሰው ቤቱን ሊለቅ ይችላል» ብላ ጻፈች ሌሎ።
ትንሽ አየችው። አጠፋችው።
«ጥቃቅን እርማት» አለችው፣
ኮቷንም ለበሰች።