አቅም በፈቀደ መጠን

ለሦስት ወር ነው የተላክሁት፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ፣
ነጩን ጋውኔን አጥፌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ።
ካዛንቺስ፣ ስምንተኛ ፎቅ። ሊፍቱ እስከ አምስት ነው የሚሠራው፤
የቀረውን በእግሬ እወጣለሁ፣
ከላይ ደግሞ ፖሊሲ ይወጣል።

ወይዘሮ ጽጌማርያም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።
«አራተኛ ዓመት ነሽ? መርፌ ለምደሻል?
እዚህ የሚወጋው ቃል ነው።»
ቃለ ጉባኤ ያዢ ተባልሁ።

ከጎኔ ቺሶሞ፣ ከሊሎንግዌ የመጣ፣ እንደኔው ተማሪ፣
የኛን በርበሬ የሚፈራ፣
ያገሩን ነርሶች ቁጥር ግን እንደ ዳዊት በቃሉ የሚደግም።
«እናንተ ጋ ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት ሰው ታያለች?» አለኝ በሹክሹክታ።
በጣቶቼ አሳየሁት፤ ሦስት ጊዜ አሥር፣ አንድ ጊዜ አራት።
እሱም ሊያሳየኝ ጀመረ፣
ቆጥሮ ቆጥሮ ተወው።
ሳቅን።
ሰብሳቢው ዞር ብለው አዩን።

ረቂቁ «አንዲት ነርስ ለስድስት ሕሙማን» ይላል።
ከረባቱን ያጠበቀ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ስድስት ብለን ከጻፍን ነገ እንጠየቅበታለን።»
«ስድስት ያህል ቢባልስ?» አለ ሌላው።
ሻይ ገባ። ሳምቡሳ ገባ።
ጄኔቫ ያለችው ሴትዮ ስክሪኑ ላይ አፏን እንደከፈተች ቀረች፣
መብራት ሄዶ መጣ፣
ከእረፍት ስንመለስ ስድስት የለም።
በወንበሩ ላይ ሦስት ቃል ተቀምጧል፣
እግሩን አጣምሮ፣ እንደ ክብር እንግዳ፦
አቅም በፈቀደ መጠን።
የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሑፌም ያምራል።

ማታ በስታዲየም በኩል በእግሬ፣
ጋውኔን ከፌስታሉ አውጥቼ፣
የፊቱን ጭምዳጅ በመዳፌ እያሸሁ፣
ወደ ሌሊት ተራዬ።

ሲስተር አልጋነሽ።
እናቷ ስሙን ስታወጣላት ዙፋን አስባ ነበር፤
ሠላሳ አራት አልጋ መሆኑን ማን ነገራት?
አሥራ ሁለት ቁጥር ግሉኮሱ አልቋል፣
ሃያ ሰባት በዕንቅልፉ ቱቦውን ነቅሏል፣
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አቶ ድንበሩ ነቅተው ይጠብቁኛል።
«ልጄ፣ ላይ ቤት ገባሽ አሉ።
ስለኛ ምን ተባለ?»
የልብ ምታቸውን እየቆጠርሁ ነው ብዬ ዝም አልሁ።
ቆጥሬ ግን አልነበረም።

አንዱ አስታማሚ መጥቶ ለመናት፣
«እናቴን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪልኝ፣ ጀርባዋ ሊቆስል ነው።»
«እንደ አቅሜ፣ ወንድሜ» አለች፣ እጅጌዋን እየጠቀለለች።
ያው ቃል! ቀን የጻፍሁት!
እዚያ ሲሉት በር ይዘጋል፣
እዚህ ስትለው ሰው ይነሣል።
በማስታወሻዬ ዳር፣ ቆሜ፣ እንዲህ ጫርሁ፦

    ላይ ቤት ወረቀቱ አቅም ይቆጥራል፣
    ታች ቤት አንድ ትከሻ አቅም ሆኖ ያድራል።

በመጨረሻው ሳምንት ሰነዱን አደራጂ አሉኝ።
አባሪ አንድ፣ የተሰብሳቢዎች ስም።
አባሪ ሁለት፣ የአበል ሠንጠረዥ።
አባሪ ሦስት ማንም አላዘዘኝም።
አንድ ሌሊት ነው፣ በየአልጋው፣ በየሰዓቱ፦
ማን ውኃ ጠየቀ፣ ማን ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣
ሲስተር አልጋነሽ ስንት ጊዜ ተቀመጠች።
(አንዴ። ጫማዋን ለማሰር።)

ወይዘሮ ጽጌማርያም ሁለቱን አባሪ ገለጡ፣ ሦስተኛው ላይ ዘገዩ።
ታች መንገዱ ላይ ቁፋሮው ይንዶቆዶቃል።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ባዶ ነው።
ረስተሽው ነው?»
«አይ፣ አልረሳሁም።»

ብዙ ቆዩ።
ከዚያ ከመሳቢያው ማኅተሙን አወጡ፣
ቀለሙ ደርቆበታል፤
ወደ አፋቸው አስጠጉና
ሃ፣ ሃ፣ ትንፋሽ ሰጡት፣
እንደገና ሃ፣
እና መቱ።

ስድስት አልተመለሰም።
ደረጃውን እየወረድሁ
ጋውኔን ፌስታሉ ውስጥ ዳበስሁት፣
ሊፍቱ ዛሬ አምስተኛ ፎቅም የለም።